ማዮማ የሚመስለው ካንሰርና “95 በመቶ ትክክል” የሚባለው ነገር

ከማህፀን ጡንቻ የሚነሳ ሌዮማዮሳርኮማ የሚባል ካንሰር አለ። እምብዛም አይገጥምም፤ ሲገጥም ግን ብዙ ሴቶች ያለባቸውን፣ ካንሰር ያልሆነውን ማዮማ ይመስላል። ደም መፍሰሱም፣ የሆድ መክበዱም፣ በአልትራሳውንድ የሚታየው ዕጢም ያው ነው። ከማህፀን የውስጥ ሽፋን ናሙና ቢወሰድም ዕጢው ያለው ጡንቻው ውስጥ ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዕጢው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ሞርሴሌተር የተባለው መሣሪያ ችግር ውስጥ የገባውም በዚሁ ነው። ዕጢውን ሆድ ውስጥ ቆራርጦ በትንሽ ቀዳዳ ያወጣል። ለኢንጂነር ዓይን ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ ጠባሳው ትንሽ፣ ማገገሙ ፈጣን። ዕጢው ካንሰር ከሆነ ግን ፍርፋሪው ሆድ ውስጥ ይበተናል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ለማዮማ ቀዶ ሕክምና ከሚገቡ 350 ሴቶች አንዷ ያልተጠረጠረ ሳርኮማ እንዳለባት ገመተ። ሁሉም የተከራከረው በዚህ ቁጥር ላይ ነው፤ በጣም ዝቅ አድርገው የገመቱም አሉ። ለኔ ግን የሰነዱ ጥንካሬ ሌላ ቦታ ነው፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለቱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለይ ዘዴ የለም ብሎ በግልጽ መናገሩ።

አሁን አሁን “በኤምአርአይና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለየነው” የሚሉ ጥናቶች በዝተዋል። እስቲ አብረን እናስላ። ምርመራው 95 በመቶ ካንሰሩን ይያዝ፣ 95 በመቶ ጤነኛውንም ጤነኛ ይበል። የኤፍዲኤን ግምት ከወሰድን ከ10,000 ሴቶች 29ኙ ገደማ ሳርኮማ አለባቸው፤ ምርመራው 27 ወይም 28 ያህሉን ያገኛል። ጎበዝ! ግን 499 የሚሆኑ ሳርኮማ የሌለባቸውን ሴቶችም “ካንሰር ሳይሆን አይቀርም” ይላቸዋል። ካስደነገጣቸው ሃያ ሴቶች ካንሰሩ ያለባት አንዷ ብቻ ናት ማለት ነው። የቀሩት በከንቱ ሆዳቸው በሰፊው ሊከፈት፣ መውለድ የምትፈልገውም ማህፀኗን ልታጣ ትችላለች።

ጥናቶቹ ላይ ይህ አይታይም፤ ምክንያቱም ሳርኮማው ከእውነተኛው ዓለም እጅግ በበዛ መጠን ተመርጦ ነው የሚቀርበው። ደራሲዎቹ ዋሹ አላልኩም። ስንት የሐሰት ደወል በአንድ እውነተኛ ግኝት እንደሚመጣ ሳይጽፉ ማጠቃለላቸው ግን ጉድለት ነው።

ኤፍዲኤ በ2020 የመረጠው መንገድ ይሻለኛል፦ መቆራረጡ ካስፈለገ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ይሁን። ከረጢቱ ምንም አይመረምርም፤ አለማወቃችንን ተቀብሎ የተሠራ ነው። እሱም ቢሆን ሊቀደድ ይችላል፤ የወር አበባቸው ለቆመ ወይም ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች መሣሪያው አሁንም አይመከርም።