የጻፈ፣ ያጻፈ፣ የተረከ፦ የካናዳ ኢ-ልቦለድ ከሜልበርን ሲነበብ

እ.ኤ.አ. በ2000 የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ በእንግሊዝኛ ኢ-ልቦለድ ዘርፍ፣ ለአንድ የጅጅጋ ልጅ ተሰጠ። ነጋ መዝለቂያ በሙያው መሐንዲስ ነው። በአማርኛ «ከጅብ ሆድ የተጻፉ ማስታወሻዎች» ሊባል የሚችለው መጽሐፍም የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ነጋ በልጅነቱና በጉርምስናው ያለፈበትን ይተርካል፤ የንጉሡን ዘመን ማብቂያ፣ አብዮቱን፣ ቀይ ሽብርን፣ የሶማሊያን ወረራ። በየመሐሉ አውሬዎች እንደ ሰው የሚሟገቱባቸው ተረቶች ጣልቃ ይገባሉ። አንባቢ የፖለቲካ ታሪክ አነባለሁ ብሎ ተቀምጦ፣ ሳያስበው ራሱን አያት እግር ሥር ያገኘዋል።

ሽልማቱ ራሱ ከኢትዮጵያ ጋር የሩቅ፣ ትንሽም የሚያስቅ ዝምድና አለው። በ1936 ሲመሠረት የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበረው ሎርድ ትዊድስሙር ነው፤ የመጻሕፍት ዓለም የሚያውቀው ግን በጆን ባካንነቱ ነው። ባካን በ1910 ካሳተማቸው ልቦለዶች አንዱ «ፕሬስተር ጆን» ይባላል፤ አውሮፓውያን ለዘመናት ኢትዮጵያ ውስጥ ሲፈልጉት የኖሩት የአፈ ታሪክ ቄስ-ንጉሥ ስም ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ደቡብ አፍሪካ ቢሆንም የአመፁ መሪ የዚያ ንጉሥ ወራሽ ነኝ ይላል። ባካን እጅ ላይ የኢትዮጵያ ዝና የአንድ ስኮትላንዳዊ ወጣት ጀብዱ ማጣፈጫ ነበር። ባካን ሽልማቱን ካቋቋመ ከስድሳ አራት ዓመት በኋላ ያንኑ የወሰደው ኢትዮጵያዊ ግን ስለ ራሱ የሚናገረው ራሱ ነው። ወይም እንደዚያ ይመስል ነበር።

ሽልማቱ ብዙ ሳይቆይ በክርክር ተያዘ። አን ስቶን የተባለች የሞንትሪያል ደራሲ የመጽሐፉን አብዛኛውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ አለች። ነጋ የእሷ ድርሻ ከአርትዖት እንደማያልፍ ገልጾ በስም ማጥፋት ከሰሳት። ሽልማቱ ከእጁ አልወጣም፤ የካናዳ ጋዜጦች ግን ጉዳዩን እንደ ወንጀል ምርመራ ተከታተሉት። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹ የማን ናቸው? የጅጅጋ ገበያ፣ የሐረር ጅብ፣ በየተረቱ የተሸሸገው የፍርድ ቤት ወግ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም አልነበረም። ሞንትሪያል የተቀመጠ አርታኢ፣ እጁ የቱንም ያህል የበዛ ቢሆን፣ እነዚህን ከኪሱ አያወጣም። በሌላ በኩል ደግሞ ታሪኩ የእኔ ነው ማለት ቋንቋውን ያነጠረው ሰው ድካም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ክርክሩ የከረረው አንድ ስም ብቻ በሚያስቀምጥ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ ሁለት ሥራዎችን ለማስፈር በመሞከሩ ነው።

በኢትዮጵያ የብራና ባህል እነዚህ ሥራዎች የየራሳቸው ባለቤት ነበሯቸው። ቁም ጸሐፊው ይጽፋል፤ ያጻፈው ባለጸጋ ዋጋውን ይከፍላል፤ በመጽሐፉ መጨረሻ በሚሰፍረው ምልጃ ላይም ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ለሚያነበው፣ ለሚተረጉመውና ለሚሰማው እየተለየ ምሕረት ይለመናል። ይህን ሥርዓት ማሞካሸት ግን አይገባም። መጽሐፉ ሲሸጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል። በብዙ ብራናዎች ላይ በስሙ ቦታ የሻከረ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ጥፍር የምታህል ስፍራ ይታያል። ያጻፈው ስም በቀይ ቀለም ሲደምቅ የጻፈው ስም ጭራሽ የማይገኝበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ቢሆንም አንድ መጽሐፍ ከአንድ በላይ እጅ እንዳለው መቀበል ለዚያ ባህል እንግዳ ነገር አልነበረም።

ሜልበርን የአንድ መጽሐፍ ብዙ እጆችን ጥያቄ ከነጋ ሽልማት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ አስተናገደችው። በጥር ወር መጨረሻ 2019 ሁለት የቪክቶሪያ ግዛት የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶችን፣ የኢ-ልቦለዱንም የዋናውንም፣ ያሸነፈው «ከተራሮች በቀር ወዳጅ የለም» ደራሲው በዚያች ከተማ እግሩን ረግጦ የማያውቅ መጽሐፍ ነው። ኩርዳዊው ጋዜጠኛ ቤህሩዝ ቡቻኒ ያን ጊዜ አውስትራሊያ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ባጋዘችበት በማኑስ ደሴት ነበር። መጽሐፉን በፋርስኛ በስልኩ እየጻፈ በዋትስአፕ ቁርጥራጭ አድርጎ ላከው፤ ሙነስ ማንሱቢ መልእክቶቹን ሰብስባ በወጉ አደራጀቻቸው፤ ኦሚድ ቶፊጊያን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሽልማቱ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች የተወሰነ ስለነበር ደንቡ ለእሱ ሲባል ላላ። የሁለቱ ሽልማቶች ድምር 125 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ የሚገርመው የእጆቹ ብዛት ማንንም አለማስደንገጡ ነው። የተርጓሚው ስም ታውቋል፤ ቶፊጊያን ሥራው እንዴት እንደተሠራ፣ ከቡቻኒ ጋር የተመካከሩበትን ጭምር፣ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ ጽፏል። ሞንትሪያል ላይ ክስ ያስነሳው ነገር ሜልበርን ላይ የመጽሐፉ አካል ሆኖ ታተመ። ልዩነቱ ከሰዎቹ ቅንነት የመጣ ላይሆን ይችላል፤ በቡቻኒ ጉዳይ ሁለት ቋንቋ ስላለ የሁለተኛው ሰው መኖር አይሸሸግም። ነጋ ግን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጻፈ በመባሉ ከበስተጀርባው ያለ ማንኛውም እጅ እንደ ሌባ እጅ ታየ።

ሦስተኛው መንገድ የአይዳ እደማርያም ነው። እናቷ ካናዳዊት፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው፤ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። በ2018 ያሳተመችው የአያቷ የሕይወት ታሪክ በማግስቱ ዓመት የኦንዳቼ ሽልማትን አገኘ፤ ሽልማቱ የተሰየመበት ክሪስቶፈር ኦንዳቼም ከሲሎን መጥቶ ካናዳ ውስጥ የበለጸገ ሰው መሆኑ አጋጣሚ ነው። ጎንደሬዋ ወይዘሮ የተመኙ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው በሁለት አሥርት ዓመት ለሚበልጧቸው ካህንና ባለቅኔ ተዳሩ። የጣሊያንን ወረራ፣ የንጉሡን ውድቀትና አብዮቱን አዩ፤ ባላቸው ሲታሰሩ ንጉሡ ዘንድ ለአቤቱታ ወጡ። አይዳ ይህን ሁሉ በአማርኛ ከአያቷ አንደበት ቀድታ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የልጅ ልጂቱ ነው፤ የመጽሐፉ ርእስ ግን የሚስቲቱ ተረክ መሆኑን ይናገራል።

የአይዳ ጥበብ የሚታየው አያቷን «እኔ» ብለው እንዲናገሩ ባለማስገደዷ ነው። ታሪኩ በሦስተኛ መደብ ይሄዳል፤ ጸሎቱ፣ ምግቡ፣ የወራቱ ዝናብና ፀሐይ ግን ከአሮጊቷ ዓይን ደረጃ ከፍ አይሉም። ይህ መጽሐፍ ከሦስቱ እጅግ የታመነው ነው ማለት ይቻላል፤ የነጋው ደግሞ እጅግ ሕያው የሆነው። በአንጻሩ ካናዳዊቷ ደራሲ ካሚላ ጊብ በሐረር የአንትሮፖሎጂ ጥናት አድርጋ ስታበቃ በ2005 ያወጣችው መጽሐፍ ልቦለድ ነው፤ ዋና ገጸ ባሕሪዋንም ነጭ ሙስሊም አድርጋ፣ ጥናቱ የሰጣትን ዕውቀት በራሷ ቆዳ በኩል አሳለፈችው። የባለቤትነት ክርክሩን ማስቀረቷ አይካድም፤ ሐረሪዎቹ ግን በገዛ ከተማቸው አስተናጋጅ ሆነው ቀሩ።

ካናዳ ለዚህ ሁሉ ያመቸችው በሽልማት ብቻ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማይክል ገርቨርስ ለግዕዝ ትምህርት 50 ሺህ ዶላር ሰጡ፤ በ2016 ድምፃዊው አቤል ተስፋዬ ያንኑ ያህል ጨመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ትምህርቱ ተጀመረ። እንዲያውም ከዚያ ቀድሞ ትምህርት የሚጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር፤ በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ።

ወደ ሜልበርን ስንመለስ፣ በአውስትራሊያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያ-ወለዶች ብዙዎቹ የሰፈሩት ቪክቶሪያ ነው፤ የሜልበርኑ ፉትስክሬይም ምግብ ቤቶቻቸውና ሱቆቻቸው የሚገኙበት ሰፈር ሆኗል። የዚህ ማኅበረሰብ ኢ-ልቦለድ እስካሁን በይበልጥ የሚሰማው በድምፅ ነው፤ በአውስትራሊያው ማሰራጫ ጣቢያ በኤስቢኤስ አማርኛ ቃለ ምልልሶች፣ በልቅሶ ቤት ጨዋታ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል የመጡ ወላጆች ለልጆቻቸው በሚያወሩት። ወላጆቹ በአማርኛ ያስታውሳሉ፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ማለትም እዚህ የሚወለደው መጽሐፍ ከመነሻው ሁለት እጅ ይኖረዋል፤ የቡቻኒን ያህል የታወቀ፣ ወይም የነጋን ያህል የተሸሸገ። አንዱ ድምፅ መቅጃውን ይዞ እናቱ ፊት ሲቀመጥ ውሉ ከአሳታሚው ጋር ሳይሆን ከእሳቸው ጋር ይጀምራል፤ ስማቸው የት ገጽ ላይ እንደሚሰፍር፣ ረቂቁ በአማርኛ ይነበብላቸው እንደሆነ፣ ይቅር ያሉት ምዕራፍ ይቀር እንደሆነ መነጋገር ያለባቸውም ያን ጊዜ ነው።