የማታ ብርሃንና የተማሪ እንቅልፍ፤ ሂሳዊ ግምገማ

ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ጥፋቱን በማታ ስልኩ ላይ መጣል በትምህርት ቤቶች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። አስተያየቱ ጨርሶ መሠረተ ቢስ አይደለም። ሆኖም ለመምህራን መመሪያ ከመሆኑ በፊት፣ የተደገፈባቸው ጥናቶች ምን እንደሚሉና ምን እንደማይሉ፣ ለጎንደር ከተማና ለሰሜን ጎንደር ደጋ ተማሪም ምን ያህል እንደሚስማሙ መመርመር ይገባል።

በዓይን ውስጥ ከማየት የተለየ ተግባር ያላቸው፣ ለሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ ንቁ የሆኑ ሕዋሳት መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ታውቋል። እነዚህ ሕዋሳት ብርሃን ሲያርፍባቸው ገና እንዳልመሸ ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ በዚህም የሌሊቱን መድረስ ለሰውነት የሚያመለክተው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይዘገያል።

በስልክና በታብሌት ላይ ለሚሰነዘረው ክስ ዋና ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው በአሜሪካ በቦስተን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ነው። 12 ሰዎች በሆስፒታል ክፍል እንዲሰነብቱ ተደርጎ፣ 5 ምሽት በታብሌት፣ 5 ምሽት ደግሞ በወረቀት መጽሐፍ፣ በየምሽቱ ለ4 ሰዓት ያህል አነበቡ። በታብሌት ባነበቡ ጊዜ ሜላቶኒናቸው ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ ዘገየ፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው ግን በ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ዘግይቶ ነው። ሰዎቹ ቀኑን የዋሉት በክፍል መብራት እንጂ በፀሐይ አልነበረም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከስዊድን ከኡፕሳላ በወጣው ጥናት፣ 14 ወጣቶች ቀኑን ለ6 ሰዓት ተኩል 570 ሉክስ ያህል በሆነ ብርሃን ከዋሉ በኋላ ማታ ለ2 ሰዓት በታብሌት ቢያነቡ፣ በእንቅልፋቸውም ሆነ በሜላቶኒናቸው ላይ ከመጽሐፍ የተለየ ውጤት አልታየም።

በደጋ ሰማዩ በጠራበት ቀን የደጁ ብርሃን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሉክስ ይደርሳል። ስለሆነም በዳባትና በደባርቅ ገጠር ከብት እየጠበቀ፣ በእግሩ ረጅም መንገድ እየተመላለሰ የሚውል ልጅ ከቦስተኑ ይልቅ ለኡፕሳላው ተሳታፊ ይቀርባል ለማለት ያስደፍራል። ቀኑን በጨለምለም ያለ ክፍልና መኝታ ቤት የሚያሳልፈው የከተማ ተማሪ ግን ለቦስተኑ የቀረበ ነው። ሁለቱን በአንድ ምክር ማስተናገድ ስሕተት ይሆናል።

ወደ አገር ውስጡ ጥናት ሲመጣ፣ ሰብለወንጌል ለማና ባልደረቦቻቸው በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች በ2,551 ተማሪዎች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ሥራ በቅድሚያ ይጠቀሳል። ከተማሪዎቹ 55.8 በመቶ የሚሆኑት የእንቅልፍ ጥራታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚህም ጋር በብርቱ የተያያዙት የአእምሮ ውጥረት፣ ድብርትና ጭንቀት ናቸው። የጥናቱ ብርታት በአገሩ ተማሪ ላይ፣ በሰፊው መካሄዱ ነው። ነገር ግን መረጃው በአንድ ወቅት የተሰበሰበ በመሆኑ፣ ጭንቀት እንቅልፍ ነሣ ወይስ እንቅልፍ ማጣት ጭንቀትን ወለደ የሚለውን አይለይም። መለኪያው፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የፒትስበርግ መጠይቅ፣ ብርድና ሙቀት፣ ሳልና ሕመም፣ ክፉ ሕልምም እንቅልፍ ይነሡ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ብርሃንን ግን በስም አያነሣም። ስለዚህ ይህን ቁጥር ይዞ ስልክን መክሰስም ሆነ ነፃ ማውጣት አይቻልም። ከዚህም ሌላ መጠይቁ የመኝታና የመነሻ ሰዓት ስለሚጠይቅ፣ በአበሻ ሰዓት በሚመልስ ተማሪና በፈረንጅ ሰዓት በሚመዘግብ አጥኚ መካከል የ6 ሰዓት መፋለስ እንዳይፈጠር ወደፊት የሚጠቀሙበት ሁሉ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲባል የማታ ብርሃን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በአርጀንቲና በሚኖሩ የቶባ ተወላጆች መካከል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ኤሌክትሪክ የገባለት መንደር ነዋሪዎች ካልገባለት መንደር ሰዎች ይልቅ በበጋ 40 ደቂቃ፣ በክረምት 1 ሰዓት ያህል አንሰው እንደሚተኙ አሳይቷል፤ ምክንያቱም በይበልጥ አምሽተው መተኛታቸው ነው። እንቅልፍን የሚሻማው እንግዲህ የብርሃኑ ቀለም ብቻ ሳይሆን፣ በብርሃኑ ምክንያት የሚረዝመው ምሽትም ነው።

ነጥቡ ለዕቅድ አውጪዎች ቀላል አይደለም። ከገጠር ስንቁን እያመላለሰ፣ በከተማ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ፣ ስልኩ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሞላው መብራቱ ኩራዝን የተካ የጥናት ብርሃኑ ሊሆን ይችላል። በጅምላ ቢከለከል ልጁ የሚያጣው ጨዋታን ሳይሆን ትምህርትን ነው።

በመሆኑም መምህራን ስልክን ከማውገዝ ይልቅ ተማሪው በምን እንደሚያመሽና ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ቢጠይቁ፣ ጥናቱን በጊዜ ጨርሶ የስልኩን ብርሃን ዝቅ እንዲያደርግ ቢመክሩ፣ የጠዋት ሰልፍና የስፖርት ክፍለ ጊዜም በደጅ እንዲሆን ቢያደርጉ ይበጃል። ዕቅድ አውጪዎችም የመማሪያ ክፍል መስኮትን ከእንቅልፍ ጋር አያይዘው ሊያዩት ይገባል። ቀጣዩ ጥናት በበኩሉ የቀኑንም የማታውንም ብርሃን ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል። እስከዚያው ድረስ የተማሪው ጭንቀት ከስልኩ ያላነሰ ትኩረት ይሻል።