እጅ የሌለው እጥበት

የመምህርነት አመል አይለቅም። ዓመታት ሙሉ ልብወለድ ሳስተምርና የተማሪ ድርሰት ሳርም ስለኖርኩ፣ ዛሬም ቴሌቪዥን ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ሲመጣ እንደ ድርሰት ነው የማየው። ገጸ ባሕርያቱ እነማን ናቸው? ግጭቱ ምንድን ነው? ማን ምን አደረገ?

ግጭቱ ግልጽ ነው፤ እድፍ ነው። ልጅ ጭቃ ላይ ይንከባለላል፣ ወይም ነጭ ሸሚዝ ላይ ወጥ ይደፋል። እናት ትደነግጣለች። ወዲያው ዱቄቱ ከሰማይ እንደወረደ መልአክ ከች ይላል። አረፋው ይኮፈሳል፤ ሸሚዙም ራሱን አጥቦ፣ ራሱን አስጥቶ፣ ራሱን ተኩሶ ብቅ ይላል። ተማሪዬ እንዲህ ያለ ታሪክ ጽፎ ቢያመጣልኝ ኖሮ «መካከሉ የት ሄደ?» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ እመልስለት ነበር።

እጥበት ማለት እኮ መካከሉ ነው! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነስቶ በርሜል መሙላት አለ። ነጩን ከባለቀለሙ መለየት፣ መዘፍዘፍ፣ አንገትጌና እጅጌውን ማሸት፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ ማለቅለቅ አለ። ከዚያ ደግሞ ጋቢ። ውሃ የጠጣ ጋቢ ጨምቃችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ካልጠመዘዘው አይሆንም። እኔ አንድ ጊዜ ብቻዬን ሞክሬ ሁለት ቀን ወገቤን ይዤ ዞሬአለሁ።

ይህን መካከል ቆም ብሎ ያየ ሰው ከስሮ አያውቅም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። አረፋ እያወጣ ልብስ የሚያጸዳው የእንዶድ ፍሬ ለካስ ቀንድ አውጣም ይገድላል። ከዚያ የዓመታት ምርምር ተከተለ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ነገሩ የተጀመረው ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነው።

እኛ ግን ወደ ሳፋው ዞር ብለን አናይም። ማስታወቂያ ሠሪዎቹን ብቻ መውቀስም አይገባም፤ የገዛ አነጋገራችን ተባባሪያቸው ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንላለን፤ ቀሚሱን አጥባ ለጥምቀት ያደረሰችው ማን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። ግሡንም ልብ በሉልኝ። «ልብሱ ታጥቧል?» ነው የምንለው። አድራጊ የለውም። «ማን ነው ያጠበው?» የምንለው ሲበላሽ ብቻ ነው።

እኛ ቤትም ተብሏል። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች የምታጥብልን ሴት ነበረች። አንድ ቀን የባለቤቴ ነጠላ በረኪና ውስጥ ተዘፍዝፎ ዋለና ቀዩ ጥለት የሽንኩርት ልጣጭ መስሎ ወጣ። ተቆጣን። አልፈን ተርፈንም ከቀን ሂሳቧ ቆረጥን። እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ በደንብ ይንጣ ስላላችሁኝ እኮ ነው» አለች።

እውነቷን ነበር። በረኪናውን ገዝቶ ያስቀመጠው ማን ሆነና! ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያላነበብኩትም እኔው ነኝ፤ ማንበብ እንጀራዬ የነበረው ሰውዬ። በረኪና ነጭና ባለቀለም አይለይም፤ ቀለሙን ይበላል፣ ሲደጋገም ደግሞ የጥጡን ክር ያሳሳል። ባለጥለት ነጠላ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ቀስ ተብሎ ታጥቦ ጥላ ላይ ነው የሚሰጣው። ደግሞስ ጥለት የበላ ፈሳሽ ቆዳ ይምራል? የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እዚያው ግቢ፣ እዚያው ሳፋ ላይ፣ ስንት ሳምንት ሙሉ አጠገቧ አልፌ ወጥቻለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የቆረጥነውን መለስኩላት፤ የጎማ ጓንትም ገዛሁላት። ጓንቱን አገላብጣ አየችና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄን አድርጌማ እድፉ መልቀቁ እንዴት ይታወቀኛል?»

ለበረኪናው ጊዜ ብቻ ታደርገው ነበር።