ከማተብ ጋር የምትታሰረው ብር

ኦሎምፒያ ያላችሁ፣ ካዛንቺስ የነበራችሁ፣ ከዚያም ተነሥታችሁ በየአቅጣጫው የሄዳችሁ ሁሉ ስሙኝ፤ የእናቶቻችሁን ሳጥን ክፈቱ! ዛሬውኑ ክፈቱ! ሰሞኑን ከጣቴ የማትረዝም አንዲት የብር ዕቃ እጄ ገብታ እንቅልፍ ነሥታኛለች። ምንነቷን ካወቅሁ ወዲህማ ጭራሽ ብሶብኛል።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ የዘመድ ዕቃ ኦሎምፒያ ወዳለው ቤታችን መጥቶ ነበር። ከዕቃው መካከል አንድ አሮጌ የእንጨት ሳጥን አለ። ጥልፉ የደበዘዘ የሐበሻ ቀሚስ፣ የዕድር ደረሰኝ፣ ጠርዙ የተቀዳደደ ፎቶ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ በጨርቅ የተቋጠረች፣ ጥቁር ክር የታሰረባት፣ ራሷም የጠቆረች ነገር። ክሩን ፈትቼ መስኮት አጠገብ ወስጄ አየኋት። አናቷ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት አላት። ከቀለበቱ ሥር ሐረጉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ መስቀል፣ ውስጥ ለውስጥ የተፈለፈለ፣ ጠርዝ ጠርዙ በነጥብ የተወቀረ። ከመስቀሉ ሥር እንደገመድ የተጠማዘዘ ቀጭን ዘንግ። የዘንጉ ጫፍ ጎንበስ ብሎ የምስር ክክ በምታህል ጎድጓዳ ማንኪያ ያበቃል። የምስር ክክ! በዚያች ማንኪያ ምን ይጨለፋል?

ቤቱ ሁሉ ግምት በግምት ሆነ። አንዱ የመድኃኒት መስፈሪያ ናት አለ። ሌላዋ ኩል መኳያ ናት ብላ ተከራከረች፤ ነገር ግን የኩል መኳያ ጫፉ ልሙጥና ድቡልቡል ነው፣ ጎድጓዳ ምን ያደርግለታል? ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩት አጎታችን መስቀሉን ሲያዩ እርፈ መስቀል ትሆን እንዴ ብለው በአክብሮት ከእጃቸው አስቀመጧት። ይህ ግምት ከሁሉም የሚያሳምን መሰለኝ፤ በእርፈ መስቀልም ላይ መስቀልና ማንኪያ ይገናኛሉና። ዳሩ ግን ምእመናን ሲቆርቡ ደሙን የሚቀበሉበት ንዋየ ቅድሳት ከዕድር ደረሰኝ ጋር ሳጥን ውስጥ አይገኝም። መጠኑም አይሆንም፤ በዚህች ማንኪያ ጠብታ እንኳ አይያዝም።

ምስጢሩን የፈቱት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ቡና ላይ ነበርን። ዕቃዋን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽር እንኳ አልፈለጉም፤ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አደረጉና፣

«ኧረ ልጄ፣ ይቺማ የጆሮ ኩክ ማውጫ ናት! እናቴ ከማተቧ ጋር ነበር የምታስራት። በጠገራ ብር ነው የምትሠራው» አሉኝ፤ ስኒያቸውንም አነሡ።

ኩክ ማውጫ! ያ ሁሉ ጥልፍልፍ፣ ያ ሁሉ ውቅር፣ ያ መስቀል ለጆሮ ኩክ! እዚህ ላይ ነው ልቤ የተሰወረው። ኩክ ማውጣት ሰው ዞር ብሎ የሚያደርገው ጉዳይ ነው፤ በስንጥርም ይሆናል። ያገሬ ብር ሠሪ ግን ይህን ተራ ጉዳይ ተቀብሎ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ አደረገው። ሴቲቱም አልደበቀችውም፤ ከአንገት መስቀሏ ጎን፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አሰረችው። ንጽሕናን እንዲህ አድርጎ ያከበረ የእጅ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ስል ደግሞ አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ብሩ ልመልሳችሁ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። ጠገራ ብር ያልነው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ከአንድ ሺህ እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር። በቀይ ባሕር ንግድ፣ በምጽዋ በኩል እየገባ የሰሜኑንና የመካከለኛውን አገር ገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር ተካፈለ። ባላገሩ ምን ያህል አምኖበት እንደነበር ለማወቅ እንግሊዞችን ማየት ይበቃል፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሊዘምቱ ሲነሡ የራሳቸውን ገንዘብ ይዘው መምጣት እንደማያዋጣ ገብቷቸው ከቪየና ጠገራ ብር ገዝተው መጡ። ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ፓሪስ ያስቀረጹት ብር ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ቢወጣም ጠገራውን ከገበያ ሊያስለቅቀው አልቻለም።

ብር ሠሪውስ ብሩን ከየት ያገኛል? ከደንበኛው ኪስ! የሠርግ አምባር፣ የአንገት መስቀል ወይም ኩክ ማውጫ የፈለገ ሰው ጠገራውን ቆጥሮ ይሰጣል። ሠሪው በሸክላ ማቅለጫ አድርጎ ከሰል ላይ ያስቀምጠዋል፣ ወናፉን ይነፋል፤ የንግሥቲቱ ፊትና ባለሁለት ራሱ ንስር አብረው ይቀልጣሉ። ከዚያ መዶሻ፣ ከዚያ ሞረድ፣ ከዚያ የዓይን ብርሃን የሚጨርሰው መፈልፈል። የእኛዋን ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኳት፤ 4 ግራም ሆነች። በሥራ የሚባክነው ተቀንሶ ከአንድ ጠገራ የእሷ ዓይነት ስድስት ያህል ይወጣል ማለት ነው። ስድስት ሴቶች አንድ የኦስትሪያ ንግሥት ተካፍለው አንገታቸው ላይ አሰሯት! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስታ ያንቀጠቅጠኛል።

ሳጥናችሁ ውስጥ ራሱ ጠገራው ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። 1780 የሚለውን ቁጥር አይታችሁ የዚያን ጊዜ ነው አትበሉ። ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያው በፈረንጆቹ 1780 ነው፤ ገንዘቡ ግን ከእሷ ሞት በኋላ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር ከመቶ ዓመት በላይ ሲቀረጽ ኖሯል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ በፈረንጆቹ 1935 ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አተመው፤ ቀጥሎ ለንደን፣ ከዚያም ቦምቤይ። ሁሉም 1780 ይላሉ። የሚለያዩት በጥቃቅኑ ነው፦ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ባሉት እንቁዎች፣ በንስሩ የጅራት ላባ፣ በጠርዙ ዙሪያ ባለው ጽሑፍ። የአባቶቻችን ገበያተኞች እነዚህን ፈርጦች በጣት እየዳሰሱ ነበር የማይወዱትን ገንዘብ የሚመልሱት። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ የጠገራው ዘመን አበቃ፤ ያልቀለጠው በየሳጥኑ ገባ።

ጆሮ መጥረጊያን ማስጌጥ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ይህም ደስታዬን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም። ሮማውያን የነሐስና የብር ነበራቸው። ስዊድን ውስጥ ቢርካ በተባለችው የቫይኪንጎች ከተማ ከመቃብር የብር የጆሮ ማንኪያ ወጥቷል። የጃፓን ሴቶች ጠጉራቸውን በሚይዙበት ወስፌ ጫፍ ላይ ሠርተውታል። እኛ ከማተብ ጋር አሰርነው። ለእኔ የእኛው ይበልጣል! የዛሬ ሐኪሞች ጆሮ ውስጥ ምንም አታስገቡ ይላሉ፤ እሺ፣ አላስገባም። አንገቴ ላይ ግን አስራታለሁ።

እናንተም ቤት ካለች እንዲህ ለዩዋት፦ ማንጠልጠያ ካላት፣ ዘንጓ ቀጭን ከሆነ፣ ጫፏ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ሌላ አትጠርጥሩ። መስቀል የሌለባት፣ በወፍ ወይም በሌላ ቅርጽ ያጌጠችም አለች። ስትጠቁር አትደንግጡ፣ ብር ይጠቁራል፤ በአመድና በሎሚ አትፈትጓት፣ ውቅሩ ይደመሰሳል። ለስላሳ ጨርቅ ይበቃታል። ጥልፍልፉ ከየት እንደመጣ ማየት ከፈለጋችሁ ስድስት ኪሎ ሂዱ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የደረደራቸውን መስቀሎች እያያችሁ የእናንተዋን አጠገባቸው በዓይነ ልቡና አስቀምጡ።

ከሁሉ በፊት ግን ትልልቆቹን ጠይቁ፤ እትዬን የመሰሉ ሰዎች ዛሬም በየጎረቤቱ አሉ። ዕቃዋን መዳፋቸው ላይ አድርጉላቸው፣ የሚሉትን ጻፉ፤ የማን እንደነበረች፣ ማን እንደሠራት፣ የት አገር እንደተገዛች። ወረቀቱንም ከዕቃዋ ጋር አንድ ላይ ቋጥሩ። ቸርችል ጎዳና ላለ የቅርስ ነጋዴ አውጥታችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ አደራ!