ተማሪው ያድጋል፤ ቀበሌውስ?

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ማሰማራት ጀመረ። ፕሮግራሙ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ይባል ነበር። ግዴታ ስለነበር ዓመቱን ያላገለገለ ተማሪ ዲግሪ አያገኝም ነበር። ሕግ የሚያጠናውም ምሕንድስና የሚያጠናውም በአብዛኛው የተመደበው ጠመኔ ይዞ እንዲያስተምር ነው። መምህር ላጣ ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን ገና በ1966 እ.ኤ.አ. በፕሮግራሙ ላይ ጥናት ማሳተማቸው ሙከራው ከአገር ውጭም ዓይን እንደሳበ ያሳያል።

ከገጠር የተመለሰው ተማሪ ግን የሄደው ተማሪ አልነበረም። ራንዲ ሮኒንግ ባልስቪክ በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚያስረዱት፣ አገልግሎቱ ተማሪውን ከባላገሩ ኑሮ ጋር ፊት ለፊት አገናኝቶታል፤ የዩኒቨርሲቲውን የፖለቲካ ሐሳብም ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች አድርሷል። ወጣቱ ጭሰኛ ምን እንደሚበላ፣ ለማን እንደሚገብር በዓይኑ አየ። ይህ ያለ ጥርጥር የግል ለውጥ ነው፤ ያውም የአንድን ትውልድ አካሄድ የቀየረ ለውጥ። ተማሪው ያየውን ከሚማረው ሙያ ጋር የሚያገናኝለት ድልድይ ግን ቀጭን ነበር። የሕግ ተማሪው ለአንድ ዓመት ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ አስተምሮ ሲመለስ፣ በልቡ የተሸከመውን ጥያቄ የሚያወርድበት ክፍል አልነበረውም። ስለዚህ ጥያቄው ወደ አደባባይ ወጣ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ይህንኑ በብዙ እጥፍ አሰፋው። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወረዱ። ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት እንደቆዩ፣ የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ማንበብና መጻፍ ሊያስተምሩ የወጡ ልጆች የገበሬ ማኅበር አደራጅ፣ የመሬት ክፍፍል ዳኛ፣ ባስ ሲልም ከአገሬው ሹም ጋር ተጋጪ ሆኑ። ዘማች የነበረ ሰው ዛሬም ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ ስለ ራሱ ብዙ ይላል፦ መጀመሪያ ያደረበትን ጎጆ፣ ያበሉትን ሰዎች፣ የተማረውን ቋንቋ ያወራል። የዘመተበት ቀበሌ ከእሱ ምን እንዳገኘ ሲጠየቅ ግን መልሱ ያጥራል።

ይህ የሁለቱ መልሶች ልዩነት ጉዳዩን በሙሉ ይሸከማል። በአገልግሎት መማር የሚባለው የትምህርት ስልት ሁለት ሒሳብ አለው፤ አንዱ ተማሪው ያገኘው፣ ሌላው ማኅበረሰቡ ያገኘው። የኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያውን በደንብ መዝግቧል። ሁለተኛው ገና አልተወራረደም።

በምዕራቡ ዓለም ስልቱ ስሙን ያገኘው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ፣ ሮበርት ሲግሞንና ዊልያም ራምሴ በደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ ይሠሩት ከነበረው ሥራ ነው። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። ጄን አዳምስ በ1889 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የስደተኞች ሰፈር ሐል ሐውስን ከፍታ እዚያው ስትኖር፣ በኋላ ሶሻል ወርክ የሚባለው ሙያ ከሰው ጋር እየኖሩ መማርን መሠረቱ አድርጎ ነበር። ጆን ዱዊ በ1938 እ.ኤ.አ. በልምድ መማርን ሲያቀነቅን፣ ልምድ ሁሉ እንደማያስተምር፣ አንዳንዱም ሰውን ወደ ኋላ እንደሚመልስ አስጠንቅቋል። ኢቫን ኢሊች ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ለአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ባደረገው ንግግር፣ ለማየትና ለመማር ከሆነ እንዲመጡ፣ ለመርዳት ከሆነ ግን እንዲቀሩ በግልጽ ነግሯቸዋል። ንግግሩ ያመረረ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መቀበልም ያስቸግራል። ነገር ግን ለድኻ ሰው በጎ ያሰበ ወጣት ሁሉ አንድ ጊዜ ሊሰማው የሚገባ ነው።

በአገራችን ሁለቱን ሒሳቦች አቀራርቦ የያዘው ሙከራ የተጀመረው በጎንደር ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ እየኖሩ ይሠሩ ነበር። ምንጭ መጎልበቱ፣ ሕፃን መከተቡ፣ መጸዳጃ መቆፈሩ በዓይን ይታያል። ተማሪው አደገ ሲባል ምን ሠርቶ እንዳደገ ማሳየት ይቻላል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መለያው ሲያደርግ በዚሁ መንገድ ተጉዟል።

የሶሻል ወርክ ትምህርት ዕጣ ከዚህ ይከብዳል። የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ፤ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና የተከፈተው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። በዳግም ልደቱ ከቺካጎው የጄን አዳምስ ሶሻል ወርክ ኮሌጅ ጋር ተባብሯል። ከሥራዎቹ መካከል በገዳም ሰፈር ከነዋሪዎች ጋር የተጀመረው የዩኒቨርሲቲና የማኅበረሰብ ሽርክና ይጠቀሳል። እዚያ ተማሪዎቹ ሰፈሩ የጎደለውን ከመቁጠር ይልቅ ያለውን፣ በተለይም ዕድሮቹን፣ ይዘው እንዲነሡ ተደርጓል። ዛሬ ትምህርቱ ጎንደርን ጨምሮ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። የሶሻል ወርክ ችግር ግን ምንጩ እንደ ጎለበተ ማሳየት አለመቻሉ ነው። ሥራው ሰው ቤት ገብቶ መስማት፣ ማገናኘት፣ መከራከር ነው፤ ውጤቱ ለፎቶ አይመችም።

ነገሩን ከጉና ተራራ ማዶ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን ማየት ይጠቅማል። ከጉና ደጋ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርደው አገር፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ መሬቱ የተጎሳቆለና ዝናቡ የማይታመንበት ብዙ ቀበሌ አለው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጋር ረጅም ትውውቅ አላቸው። ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ ክፍያውን ይቀበላል፤ አረጋዊው፣ አካል ጉዳተኛው፣ ጧሪ የሌላት ባልቴት ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ማን የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ኮሚቴ ይለያል፤ ስም ዝርዝሩ በቀበሌ ስብሰባ ይነበባል፤ የተከፋ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። በዚሁ ዞን በሊቦ ከምከም ደግሞ ሴፍቲኔቱን ከጤና መድንና ከሶሻል ወርክ ባለሙያ የቤት ለቤት ክትትል ጋር ያቀናጀ ፕሮግራም ተሞክሯል። የሶሻል ወርክ ተማሪ የሚማርበት ገበታ ይኸው ነው።

አንድ የቤት ለቤት ጉብኝት እንዴት እንደሚያስተምር ለማየት ቀላል ምሳሌ ይበቃል። ተማሪው የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ የሆኑ ባልቴት ቤት ይገባል። «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎስ?» ይላል። «ተመስገን ልጄ፣ ምን እሆናለሁ ብለህ» ይሉታል። ተማሪው ቅጹ ላይ «የጤና ችግር የለባቸውም» ብሎ ይሞላል። በሶሻል ወርክ ትምህርት የታወቀ አንድ የማስታወሻ ዘዴ አለ። ገጹ በሦስት ዓምድ ይከፈላል፦ በአንዱ የተባለው እንደተባለ፣ በሁለተኛው ተማሪው በዚያች ቅጽበት የተሰማው፣ በሦስተኛው የሱፐርቫይዘሩ አስተያየት። ጎበዝ ሱፐርቫይዘር በሦስተኛው ዓምድ ምክር አይጽፍም፤ ይጠይቃል። ምድጃው እሳት ነበረው? ውሃ የሚቀዳላቸው ማን ነው? የመድን ደብተራቸው ታድሷል? ሲነሡ ምን ይዘው ተነሡ? ተማሪው አንዱንም አላየም። ያን ቀን የሚያፍረው እፍረት ከአንድ ሴሚስተር ንባብ የበለጠ ያስተምረዋል። ለካ «ተመስገን» የጤና ማረጋገጫ አይደለም፤ እንግዳን በችግር ላለማስጨነቅ የሚሰጥ ክብር ነው። በሳምንቱ ሲመለስ መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ምድጃው ነው።

የግል ዕድገት የሚባለው ነገር እንዲህ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ተማሪው ከማዘን ወደ ማስተዋል ይሻገራል። ማዘን ማንም የሚችለው ነው፤ ማስተዋል ግን ይሠለጠናል። አይለርና ጃይልስ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰፊ ጥናት፣ በአገልግሎት መማር ፍሬ የሚሰጠው አገልግሎቱ ከትምህርቱ ጋር ሲተሳሰርና በቂ የማሰላሰያ ጊዜ ሲኖረው መሆኑን አሳይተዋል። ለዚህ ሱፐርቫይዘር ያስፈልጋል፤ ገጹን በየሳምንቱ የሚያነብ፣ ቢቻል ቀበሌው ድረስ የሚሄድ። አንድ መምህር በርካታ ተማሪዎች ተሰጥተውት፣ መኪናና ውሎ አበል በሚቸግርበት ሁኔታ ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ይቀራል። ያን ጊዜ ተማሪው ውጤት የሚያስገኝለትን ቋንቋ ይለምዳል። «ብዙ ተምሬያለሁ፣ ለሕዝቤ ያለኝ ፍቅር ጨምሯል» ይጽፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ግን ምድጃው እሳት ይኑረው አይኑረው አይናገርም።

ጋይንት ተማሪ ማሳደግን ከማንም የሚማር አገር አይደለም። የድጓው ምስክር ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ቤቶች፣ የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። ከሩቅ የመጣ የቆሎ ተማሪ ለዘመናት ከየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሏል፤ ባላገሩም ከጎደለው ላይ ቆርሶ ሰጥቷል። የአብነት ትምህርት ቤቱን ኑሮ ማሳመር አይገባም፤ ረኃቡ፣ እከኩ፣ የውሻው ንክሻ እውነት ነበሩ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነበር፦ ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ተማሪው ያውቃል። ቅጽ ይዞ የሚመጣው የዛሬው ተማሪ ራሱን የሚያየው በሰጪነት ነው። ባልቴቷ ግማሽ ቀናቸውን፣ ታሪካቸውንና ምስጢራቸውን ሰጥተውት፣ እሱ «አገለገልኩ» ብሎ ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ እምነት የዕድገቱ እውነተኛ መነሻ ይህ መገለባበጥ የገባው ዕለት ነው። የሚያስመርቁት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ያወቀ ተማሪ ድምፁ ይለወጣል፤ ቅጹን ከማውጣቱ በፊት ይቀመጣል።

ተማሪ ጨርሶ ሊላክበት የማይገባ ቦታም አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች የላይ ጋይንቷን ከተማ ነፋስ መውጫን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት የተፈጸመውን የአስገድዶ መድፈር ወንጀል አምነስቲ ኢንተርናሽናል የ16 ሴቶችን ቃል ይዞ ዘግቧል፤ የከተማዋ የሕክምና ተቋማት ተዘርፈው ስለነበር ተጎጂዎቹ ተገቢውን ሕክምና ሳያገኙ ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ቁስል ያለባት ሴት የማንም መለማመጃ መሆን የለባትም። ያለፈችበትን ለአንድ ጋዜጠኛ፣ ለአንድ መርማሪ፣ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ተናግራ፣ በመጨረሻ ደግሞ ለአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንድትደግመው መጠየቅ ጉዳት ላይ ጉዳት ነው። ተማሪው በዚያ ከተማ ሌላ ሥራ ሞልቶታል፦ የሪፈር ወረቀት ተከታትሎ ማድረስ፣ የመድን ደብተር ማሳደስ፣ ሆስፒታል ለምትሄድ እናት ልጆቿን የሚጠብቅ ጎረቤት መፈለግ። እነዚህ ማንንም አያናዝዙም፤ ሰው ግን ይጠቅማሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ምደባውን ራሱን አደገኛ ስላደረገው ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል።

ራንዲ ስቶከርና ኤሊዛቤት ትራየን በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የማኅበረሰብ ድርጅቶችን ጠይቀው ያዘጋጁት መጽሐፍ የሚያነሣው ቅሬታ እዚህም ይሠራል፦ ተማሪው የሚቆየው ጥቂት ነው፤ ሥራ ሲለምድ ይሄዳል፤ የዩኒቨርሲቲው የጊዜ ሰሌዳ የማኅበረሰቡን ጊዜ አያውቅም። በእስቴ ወይም በስማዳ ገበሬ ለቃለ መጠይቅ የሚመቸው ጊዜ አጨዳና ውቂያ የሚደራረብበት ሰሞን አይደለም። ለዚህ መፍትሔው አስቸጋሪ አይመስልም። አንድ ትምህርት ክፍል በየዓመቱ አዲስ ቀበሌ ከሚፈልግ፣ ጥቂት ቀበሌዎችን ይዞ ለዓመታት ይመላለስባቸው፤ የዘንድሮው ተማሪ ያምናው የጀመረውን ይቀጥል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በዞኑ ርእሰ ከተማ፣ የጎንደርና የባሕር ዳርም በአቅራቢያ መኖራቸው ይህን የሚያቀል ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎትም በከፍተኛ ትምህርት አዋጁ የዩኒቨርሲቲዎች ተልእኮ ሆኖ ተጽፏል።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ አለ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው የመስክ ሪፖርቱንም የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ቀበሌው የተጻፈውን ቀበሌው አያነበውም፤ ትክክል ይሁን ስሕተት የሚመሰክረው ሰው ሳያየው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስም ሆነ ከስማዳዋ ወገዳ የሚወጣ ሪፖርት ቢያንስ አጭር የአማርኛ ግልባጭ ይኑረው፤ የግለሰብ ስምና ምስጢር ወጥቶለትም እንደ ሴፍቲኔቱ ስም ዝርዝር በቀበሌ ስብሰባ ይነበብ። «ይኼ እንዲህ አይደለም» የሚል ካለ እዚያው ይናገር፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ቃለ ጉባኤውም ተማሪው ከጻፈው የራስ ዕድገት ማስታወሻ ጋር ተያይዞ ውጤት ለሚሰጠው መምህር ይድረስ።