የሰመጠች የጦር መርከብን ማምከን

የጦር መርከብ ስትሰምጥ አብሯት የሚወርደው ብረትና ጥይት ብቻ አይደለም። የኮድ መጽሐፍ፣ የመልእክት ማመስጠሪያ መሣሪያ፣ ራዳር፣ የሚሳይል መቆጣጠሪያ፣ የፈንጂ መስክ ካርታ፣ የአዛዡ ካዝናና በውስጡ የተቆለፉት ትእዛዞች ሁሉ ባሕር ወለል ላይ ያርፋሉ። ባሕር የበላው አይመለስም የሚለው እምነት በዚህ ሙያ ቦታ የለውም። ቀዝቃዛና ጨለማ ውኃ፣ በተለይ ደለል የሞላው ክፍል፣ በጥብቅ የተጠረዘ ወረቀትን ለሳምንታት፣ ነሐስና አረብ ብረትን ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሊያቆይ ይችላል። የባሕር ኃይል የማውጣትና የማፍረስ ቡድን ሥራ የሚጀምረውም ሌላው ሰው ሁሉ ነገሩ አበቃ በሚልበት ሰዓት ነው። ባላጋራ ሳይደርስ ይደርሳል፤ የሚወጣውን ያወጣል፤ የማይወጣውን ማንም አንሥቶ እንዳያጠናው አድርጎ ይሰባብራል።

ማውጣትና ማፍረስ በአንድ የትእዛዝ ወረቀት ላይ ቢጻፉም እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሥራዎች ናቸው። ያለጊዜው የፈነዳ ድማሚት ጠላቂው የሚፈልገውን ካዝና ከፍርስራሽ ሥር ይቀብረዋል፤ አለዚያም ግድግዳውን ቀድዶ ወረቀቱን የዓሣ አጥማጅ መረብ ወደሚደርስበት ይበትነዋል። ልምድ ያለው ቡድን ፍንዳታን ለመጨረሻ የሚያቆየው ለዚህ ነው።

ለሙያው መነሻ የሆኑት የ1914 ሁለት ክስተቶች ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኦገስት 26 ቀን ማግደቡርግ የተባለች የጀርመን ክሩዘር ዛሬ የኢስቶኒያ ግዛት በሆነችው በኦደንስሆልም ደሴት አጠገብ በጭጋግ መሬት ነክታ ቀረች። መርከበኞቿ ፈንጂ አጠመዱ፤ ነገር ግን የፈንጂው ፊውዝ ቀድሞ ስለተለኮሰ ሰዎች ገና ሳይወርዱ ፈነዳ፤ የፈረሰውም የፊተኛው ክፍሏ ብቻ ነበር። ሩሲያውያን ከመርከቧ የጀርመን ባሕር ኃይልን የኮድ መጽሐፍ አገኙ፤ አንዱን ቅጂ ለእንግሊዞች ላኩ። ቅጂው በኦክቶበር ለንደን ሲገባ በአድሚራልቲው ሕንፃ «ክፍል 40» በሚል ስም የሚሠሩት ኮድ ፈቺዎች የጀርመንን መልእክት ማንበብ ጀመሩ። በዚያው ወር ኤስ-119 የተባለች የጀርመን ቶርፔዶ ጀልባ በኔዘርላንድስ ጠረፍ ልትሰምጥ ስትል አዛዧ የምስጢር ሰነዶቹን በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን አድርጎ ወደ ባሕር ጣለ። ሣጥኑ ሰመጠ፤ አዛዡም እንደ ደንቡ ሠራ። ኖቬምበር 30 ቀን አንድ የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ በመረቧ ጎትታ አወጣችው። ጥልቀቱ ትንሽ በሆነ ባሕር ውስጥ ክብደት ማሰር ሰነዱን በአንድ ቦታ ከማስቀመጥ ያለፈ ጥቅም እንደሌለው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

እንግሊዞች ከዚያ በኋላ ዕድልን መጠበቅ ትተው ወደ ሰመጡት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ራሳቸው ጠላቂ መላክ ጀመሩ። ሥራውን ከመሩት አንዱ ጋይበን ዳማንት ነው። ዳማንት በ1906 ከሳይንቲስቱ ሃልዴን ጋር በተደረገው የመጥለቅ ሙከራ እስከ 64 ሜትር የወረደ መኮንን ሲሆን፣ ዛሬም ጠላቂዎች የሚከተሉት በደረጃ የመውጣት ሥርዓት ከዚያ ጥናት የተገኘ ነው። የእርሱ ጠላቂዎች ሎረንቲክ ከተባለችው መርከብ የመንግሥት ወርቅ በማውጣት የሠለጠኑ ነበሩ። ወርቁ ሊጠብቅ ይችላል፤ ኮዱ ግን በየጊዜው ስለሚለወጥ አይጠብቅም፤ ስለዚህ አዲስ ሰርጓጅ በሰመጠ ቁጥር ወርቁን ትተው ወደዚያ ይወሰዱ ነበር።

በሰርጓጅ ውስጥ መሥራት ከሌላው መጥለቅ ሁሉ የከፋ ነው። መግቢያው የሰው ትከሻ በጭንቅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነው፤ ውስጡ በዘይት የጠቆረ ውኃ፣ የተንሳፈፈ ፍራሽ፣ የሞቱ ሰዎችና ያልፈነዳ ቶርፔዶ ነው። መብራት ዘይቱን አያልፍም። ጠላቂው የሚያየው በእጁ ነው፤ በመሆኑም ከመውረዱ በፊት የመርከቧን ዓይነት ንድፍ አጥንቶ የሬዲዮ ክፍሉ ከመቆጣጠሪያው በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ የአዛዡ መደርደሪያ ከአልጋው በላይ ይሁን በታች በቃሉ መያዝ አለበት። ውኃው አንሶ ጊዜ ከተገኘ ሙሉዋን ማንሣት ይሻላል። በኦገስት 1917 በአየርላንድ ዋተርፎርድ ደጃፍ የሰመጠችው የጀርመን ሰርጓጅ ዩሲ-44 በቀጣዩ ወር ተነሥታለች፤ የጀርመን ሰርጓጆች የዶቨርን ወሽመጥ እንዴት እንደሚያቋርጡ የሚገልጽ ትእዛዝም በውስጧ ተገኝቷል።

ባለ መርከቦቹ በበኩላቸው መከላከያ አበጁ። የጀርመን ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኮድ ሰነዶቹን ውኃ ሲነካው በሚሟሟ ቀለም አሳተመ። መልካም ዘዴ ነው፤ የሚሠራው ግን ወረቀቱ ውኃ ከነካው ነው። ኦክቶበር 30 ቀን 1942 በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የጀርመን ሰርጓጅ ዩ-559 እየሰመጠች ሳለ ከእንግሊዟ መርከብ ከፔታርድ የመጡት ቶኒ ፋሰንና ኮሊን ግሬዚየር ወደ ውስጥ ገብተው ሰነዶቹን ሳይረጥቡ ለታናሽ ባልደረባቸው ለቶሚ ብራውን አቀበሉ። ሁለቱ ከመርከቧ ጋር ሰመጡ፤ ያወጡት የአየር ጠባይ ኮድ ግን የአትላንቲክ ሰርጓጆች ይጠቀሙበት የነበረውን የኢኒግማ ማመስጠሪያ መረብ ለመክፈት በር ሆነ። የዩ-559 መርከበኞች ሰነዱን ያላጠፉት መርከቧ በቅጽበት ትወርዳለች ብለው ስላመኑ ነው።

ሌላው ድክመት የማጥፋት ኃላፊነት በጥቂት መኮንኖች እጅ መሆኑ ነው። ለዚህ ማስረጃው ለእኛ ከሚቀርበው ባሕር ይገኛል። ጣሊያን በ1940 ጦርነት ስትገባ ምጽዋ ላይ የሰርጓጅ ቡድን ነበራት። ከእነርሱ አንዷ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ጁን 19 ቀን ሙንስቶን ከተባለች ትንሽ የታጠቀች የእንግሊዝ ጀልባ ጋር ገጠመች። የጀልባዋ ጥይት የሰርጓጇን ማማ መትቶ አዛዡንና አብዛኞቹን መኮንኖች ገደለ፤ ሰነዱን እንዲያቃጥል የታዘዘ ሰው አልቀረም። ሰርጓጇ ወደ ኤደን ተጎተተች። በሰነዷ ከተገለጹት የጥበቃ ቦታዎች በመነሣትም ጋልቫኒ የተባለችው ባልደረባዋ በቀናት ውስጥ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ተጠምዳ ሰመጠች።

ማፍረስን በተመለከተ ታሪኩ ከስኬት ይልቅ በውድቀት የተሞላ ነው። ትምህርቱም ያለው እዚያው ነው። የጀርመኗ የጦር መርከብ ግራፍ ሽፔ በዲሴምበር 1939 በሞንቴቪዲዮ ደጃፍ በራሷ ሰዎች እጅ ፈነዳች፤ ውኃው ዝቅተኛ ስለነበር ግን ማማዋ ከላይ ቀረ። የእንግሊዝ መንግሥት ስብርባሪዋን በአንድ የአገሬው ነጋዴ ስም በ14,000 ፓውንድ ገዝቶ፣ የራዳር ባለሙያ ልኮ አንቴናዋን አስመረመረ። አሜሪካዊቷ የጦር መርከብ ስቱዋርት በ1942 በሱራባያ የመርከብ መጠገኛ ውስጥ ሳለች ፈንጂ ተጠምዶባት፣ መጠገኛውም አብሯት እንዲሰምጥ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት ጃፓኖች አንሥተው አድሰው የጥበቃ መርከብ 102 ብለው ለአገልግሎት አወጧት። የአሜሪካ አብራሪዎችም ከጠላት መስመር ጀርባ የራሳቸውን አገር መርከብ የምትመስል ነገር እናያለን እያሉ ሪፖርት ያደርጉ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ስህተቱ አንድ ነው፤ የፈንጂው ቦታ የተመረጠው መርከቧን ለማስመጥ እንጂ በውስጧ ያለውን ለማጥፋት አልነበረም። ቀፎ የሚቀድድ ፈንጂ ከታች ይቀመጣል፤ ምስጢር የሚያጠፋ ፈንጂ ግን ምስጢሩ ላይ፣ ከመሣሪያው ጋር ተጣብቆ መታሰር አለበት።

የአሜሪካዊቷ ሰርጓጅ ዳርተር ነገር ደግሞ ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። ኦክቶበር 24 ቀን 1944 ሌሊት በፓላዋን መተላለፊያ የጃፓን መርከቦችን ስታሳድድ ቦምቤይ ሾል ከተባለው የኮራል ቋጥኝ ላይ በሙሉ ፍጥነት ወጥታ ቀረች። መርከበኞቿ የምስጢር ወረቀቱን አቃጠሉ፣ መሣሪያውን ሰባበሩ፣ የማፍረሻ ፈንጂ አጠመዱ፤ አንድም ሰው ሳይጎዳ ወደ ባልደረባዋ ዴስ ተሻገሩ። ፈንጂው ፈነዳ፤ ያፈነዳቸዋል የተባሉት ቶርፔዶዎች ግን አልተነሡም። ዴስ የቀሯትን ቶርፔዶዎች ብትተኩስ ዳርተርን ሳይነኩ ኮራሉ ላይ ፈነዱ። ሮክ የተባለች ሌላ ሰርጓጅ መጥታ 10 ቶርፔዶ ተኮሰች፤ እርሱም እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ ኦክቶበር 31 ቀን ትልልቅ መድፍ የያዘችው ኖቲለስ ደርሳ 88 ጥይት ተኮሰች፤ 55ቱ መቱ፤ አዛዧም ዳርተር ከቁርጥራጭ ብረትነት በቀር ለጃፓን እንደማትጠቅም ሪፖርት አደረገ። ከዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ አስተማማኝ የነበረው በመጀመሪያዋ ሰዓት በእጅ የተሠራው ሥራ ነው፤ እሳትና መዶሻ።

ከውኃ በታች የሚደረግ ማፍረስ የራሱ ሕግ አለው። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ የፍንዳታውን ግፊት ሳያዳክም ወደ ሩቅ ያደርሳል። ይህ ለፈንጂው ጉልበት ይጨምርለታል፤ በውኃ ውስጥ ያለን ሰው ግን ከሩቅም ይገድላል። በዚህ ምክንያት ጠላቂ ሁሉ ሳይወጣ አይተኮስም። አረብ ብረትን ለመቁረጥ በመዳብ የተለበጠ ቅርጽ ያለው ፈንጂ እንደ ቢላዋ ያገለግላል፤ ይሁን እንጂ ከፊቱ ውኃ የማይገባበት ባዶ ቦታ ከሌለ አይቆርጥም። በኤሌክትሪክና በኦክስጅን የሚቆርጠው መሣሪያ የተሻለ ቁጥጥር ቢሰጥም ያልነደደ ኦክስጅን ከሃይድሮጅን ጋር ተቀላቅሎ በጣሪያ ሥር ይጠራቀምና በብልጭታ ይፈነዳል፤ ጠላቂዎች በዚህ ሞተዋል። ከሁሉ የሚከብደው በአቅራቢያ የተከማቸ ጥይት ካለ ምን ያህል ፈንጂ እንደሚያስነሣው መገመት ነው።

እነዚህ ሁሉ ተሟልተው የተሠሩበት ሥራ በፎክላንድ የተካሄደው «ኦፕሬሽን ብላክሌግ» ነው። የእንግሊዟ የጦር መርከብ ኮቨንትሪ ሜይ 25 ቀን 1982 ከፎክላንድ ደሴቶች ሰሜን በአርጀንቲና አውሮፕላኖች ቦምብ ተመትታ በሃያ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተገለበጠች፤ 19 ሰዎች ሞቱ። ማንም ሰነድ ለማጥፋት ጊዜ አላገኘም። ያረፈችበት ጥልቀት ወደ 100 ሜትር ገደማ ሲሆን ይህ በሰሜን ባሕር የነዳጅ ጠላቂዎች በየቀኑ የሚሠሩበት ጥልቀት ነው። እንግሊዝን ያሳሰባትም ይኸው ነበር፤ ገንዘብ ያለው ማንኛውም ወገን መሣሪያውንና ሰዎቹን ሊከራይ ይችላልና። ጦርነቱ ባበቃ በጥቂት ወራት ውስጥ የባሕር ኃይሉ ጠላቂዎች ስቴና ሲስፕሬድ በተባለች ለነዳጅ መስክ በተሠራች መርከብ ወደ ቦታው ሄዱ። መርከቧ መልሕቅ ሳትጥል በሞተሮቿ ብቻ በአንድ ነጥብ ላይ መቆም ትችል ነበር።

ጠላቂዎቹ የሚኖሩት በመርከቧ ላይ ባለ የታሸገ ክፍል፣ ከባሕር ወለሉ ጋር በተስተካከለ ግፊት ነው። ሄሊየምና ኦክስጅን ይተነፍሳሉ፤ ወደ ሥራ በደወል ቅርጽ ባለ ክፍል ይወርዳሉ፤ በፈረቃ ይሠራሉ። ሥራው ሲያልቅ ግፊቱን ቀስ በቀስ ለመቀነስ ለዚህ ጥልቀት አራት ቀን ያህል ይፈጃል። የሚተነፍሱት ሄሊየም ሙቀታቸውን ስለሚወስድ ልብሳቸው ሙቅ ውኃ ይፈስበታል። ጎኗ ላይ በተጋደመች መርከብ ውስጥ ግድግዳው ወለል፣ በሩ ጉድጓድ ይሆናል፤ ንድፉን በቃሉ የያዘ ሰው እንኳ ሁሉን ነገር በአእምሮው አዙሮ መሄድ አለበት። ቡድኑ የምስጢር ሰነዶችንና የማመስጠሪያ መሣሪያዎችን አውጥቶ፣ ሊወጡ የማይችሉ መሣሪያዎችን በፈንጂ አመከነ። ከኮቨንትሪ ካቴድራል የተሰጣት የምስማር መስቀልም ወጥቷል። ቅደም ተከተሉ ግን ምንጊዜም ያው ነው፤ መጀመሪያ በአንድ እጅ የሚያዘው፣ ቀጥሎ ተፈትቶ የሚነሣው፣ በመጨረሻ ድማሚት።

በሰላም ጊዜ ፉክክሩ ከጠላት ጋር ብቻ አይሆንም፤ ከረዳትም ጋር ነው። ሩሲያዊቷ ሰርጓጅ ኩርስክ በኦገስት 2000 ከ118 ሰዎች ጋር በ108 ሜትር ስትሰምጥ የውጭ ጠላቂዎች ቀፎዋን እንዲቆርጡ ተፈቅዶ ወደ ውስጥ የገቡት ሩሲያውያን ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ስትነሣ ያልፈነዳ ቶርፔዶ ይኖራል የተባለው የፊተኛ ክፍሏ በሽቦ መጋዝ ተቆርጦ እዚያው ቀረ፤ በ2002 ስብርባሪው በፈንጂ ወደመ። የኖርዌይዋ ፍሪጌት ሄልጌ ኢንግስታድ በኖቬምበር 2018 ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ ባሕር ዳር ስትሰምጥ ቦታው ተከለለ፣ ሚሳይሎቿ ቀድመው ወረዱ፣ እርሷም በማርች 2019 በክሬኖች ተነሥታ ወደ ባሕር ኃይሉ ሰፈር ተወሰደች።

ጥልቅ ባሕር መጋረጃ መሆኑ አብቅቷል። የሶቪየቷ ሰርጓጅ ኬ-129 በ1968 በ4,900 ሜትር ያህል ጥልቀት ብትሰምጥም የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በ1974 ግሎማር ኤክስፕሎረር በተባለች መርከብ ከፊሏን አነሣ። በጃንዋሪ 2022 ከአሜሪካዋ ካርል ቪንሰን መርከብ ላይ የወደቀው የጦር አውሮፕላን ኤፍ-35 በሳምንታት ውስጥ ከ3,700 ሜትር በላይ ጥልቀት ወጥቷል፤ ሥራውን የሠራው ኩርቭ-21 የተባለ ሰው አልባ መሣሪያ ነው። የብረት ሌቦችም ቢሆኑ አቅም አላቸው፤ በ1942 በጃቫ ባሕር የሰመጡት የኔዘርላንድስ መርከቦች ደ ራይተርና ጃቫ በ2016 ሲፈለጉ ከቦታቸው ጠፍተው ተገኙ።

ሕጉ በበኩሉ መርከቧ ብትሰምጥም የባለ ሰንደቁ መንግሥት ንብረት እንደሆነች ይቆጥራል፤ እንግሊዝ በ1986፣ አሜሪካ በ2004 የሰመጡ የጦር መርከቦችን የሚጠብቅ ሕግ በየራሳቸው አውጥተዋል። ሌባ ግን ሕግ አያነብም፤ ስለዚህ ያልተነሡት በየጊዜው ይጎበኛሉ። አሜሪካዊቷ ሰርጓጅ ስኮርፒዮን ከ1968 ጀምሮ በአትላንቲክ በ3,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ከሁለት የኑክሌር ቶርፔዶዎቿ ጋር ተኝታለች። የባሕር ተመራማሪው ሮበርት ባላርድ በ1985 ታይታኒክን ሊፈልግ በወጣበት ጉዞ መጀመሪያ ያየው እርሷን ነበር፤ ወጪውን የሸፈነው ባሕር ኃይሉ ነው። ቶርፔዶዎቹ አልወጡም፤ ባሕር ኃይሉም አልፎ አልፎ ተመልሶ ከስብርባሪዋ ዙሪያ የውኃና የደለል ናሙና ይወስዳል።