ሁለተኛው ማንዶሊን

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በፍኖተ ሰላም ከመዘምራን ልምምድ በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ጥቁር ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ትከሻው ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘ፣ ፊቱ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ማንዶሊን ነው። «ጋሼ፣ ይኼን ልግዛው?» አለኝ።

ልጁ ከቡሬ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣ ነው። አጎቱ ትቶለት በሄደ ርካሽ ማንዶሊን ሁለት ዓመት ተለማምዷል። በእጁ ያለው ገንዘብ ከቤተሰቡ የበርበሬ ሽያጭ የደረሰችው ድርሻና በትርፍ ጊዜው ሠርቶ ያጠራቀመው ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱ ያሰበውም ይህንኑ ገንዘብ ነው።

«አሁን የያዝከው ምን ጎደለው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ቆይቶ «ኧረ… የጀማሪ ነው» አለ። የጀማሪ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ የጠየቅሁት ጉድለቱን ነበር። ይህን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ሰው ሁለተኛውን መሣሪያ ሊመርጥ አይችልም፤ የሚመርጥለት ቀለሙ ነው። ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት አንድ አልበም አብረን እንድናዳምጥ ለመንኩት።

አልበሙ አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው «ትውስታ» ነው። በዚህ ሥራ ቡድኑን የመራው ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ሲሆን፣ ማንዶሊን የተጫወቱት አንጋፋው አየለ ማሞ ናቸው። ሥራው በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ይሰማ የነበረውን፣ አኮርዲዮን፣ ክላርኔትና ማንዶሊን አብረው የሚሰሙበትን የትንንሽ ባንዶች ድምፅ መልሶ ያመጣል።

እዚህ ላይ «ዘፈን እንድንሰማ ነው እንዴ የምትመክረን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኅሊናው የሚከለክለው ሰው ኅሊናውን ያክብር። እኔ ያዳመጥሁት ጣቶችን ነው። ዕድሜያቸውን በአንድ መሣሪያ ላይ ያሳለፉ ሰው ከስምንት ክር ምን እንደሚያወጡ መስማት ለተማሪ ትምህርት ነው። አናጺ የሌላውን አናጺ በር ዝም ብሎ አያልፍም፤ ቆሞ ማጠፊያውን ያያል።

ታዲያ ምን ሰማን? የማንዶሊን ድምፅ ሲመታ ጥርት ብሎ ይወጣና ቶሎ ይሞታል። እንደ ማሲንቆ ተጎትቶ አይቆይም። ረጅም ድምፅ ሲፈለግ ተጫዋቹ በፒኩ ክሩን ወደ ታችና ወደ ላይ እያፈጠነ ይመታዋል፤ ያን ጊዜ የተቆራረጠው ድምፅ ተያይዞ አንድ ረጅም ዜማ ይሆናል። አየለ ማሞ በዚህ መንቀጥቀጥ አይጫወቱበትም፤ በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ያኖሩታል። ሌላው መሣሪያ ሲናገር ይሰማሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ዜማውን ያነሳሉ። ወጣቱ ሁለት ጊዜ ካዳመጠ በኋላ «የእኔ ሲንቀጠቀጥ ቆርቆሮ ይመስላል፤ የሳቸው ግን ሰው ይመስላል» አለኝ። እነሆ፣ የጎደለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራው።

የአልበሙ ድክመት ለእኛ ምን ላይ ነው? ጉባኤ አብሮት እንዲዘምር የተሠራ አይደለም። ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው የተስተካከለ፣ ትዝታውን ያማረ ሥራ ነው። በጉባኤ መካከል ያለ ማንዶሊን ግን የእናቶችን ትንፋሽ ተከትሎ መዘግየትና መፍጠን አለበት። ይህን ከአልበም አንማረውም፤ ከጉባኤው ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ማንዶሊን አራት ጥንድ፣ በጠቅላላው ስምንት ክር አለው። ቅኝቱ እንደ ቫዮሊን ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ነው። ለእኛ አገር ልጅ ደስ የሚል ነገር አለው፦ በጂ ላይ የቆመው ትዝታ ሜጀር ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ነው። ከአምስቱ ድምፆች አራቱ በጣት ሳይያዙ በባዶ ክር ይገኛሉ ማለት ነው፤ የሚጎድለው ቢ ብቻ ነው። ክራር የለመደ እጅ እዚህ ባዳ አይሆንም።

በጀማሪውና በሁለተኛው መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የፊቱ እንጨት ነው። የብዙዎቹ ርካሽ ማንዶሊኖች ፊት ኮምፔንሳቶ ነው፤ ስስ እንጨቶች ተደራርበው ተጣብቀዋል። ኮምፔንሳቶ ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ልብ አይንቀጠቀጥም፤ ድምፁም ደረቅ ይሆናል። ፊቱ ወጥ እንጨት የሆነ ማንዶሊን ግን ክሩ ሲመታ አብሮ ይናገራል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚከፈለው ለወጥ ፊት ነው፤ ጀርባውና ጎኑም ወጥ ከሆነ እሰየው።

በፎቶው ላይ ያለው ጥምዝምዝስ? ሁለት የታወቁ ቅርጾች አሉ። አንዱ እንደ እንባ ጠብታ ያለው «ኤ» ነው፤ ሌላው ጥምዝምዝና ሹል ጫፍ ያለው «ኤፍ» ነው። የኤፍን ዝና ከፍ ያደረገው ሎይድ ሎር በጊብሰን ፋብሪካ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ኤፍ 5 ነው። ጥምዝምዙ ግን ብዙ የእጅ ሥራ ስለሚጠይቅ ዋጋ ያስወድዳል እንጂ ድምፅ አይጨምርም። በተመሳሳይ ዋጋ አንድ ኤና አንድ ኤፍ ከቀረቡላችሁ፣ በኤው ላይ ገንዘቡ ለእንጨትና ለሥራ ጥራት ውሏል፤ በኤፉ ላይ ግን ብዙው ለጌጥ ሄዷል። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ብትጠይቁ፣ እንደ ኬንታኪ ኬ.ኤም 150 እና ኢስትማን ኤም.ዲ 305 ያሉት ጌጥ የሌላቸው፣ ወጥ እንጨት የሆኑ የኤ ቅርጾች ናቸው። ያገለገለ መግዛትም አያሳፍርም። አሜሪካዊው ቢል ሞንሮ ዕድሜ ልኩን የታወቀበትን፣ በ1923 የተሠራውን ኤፍ 5 የገዛው ያገለገለ ሆኖ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ፀጉር ቤት ተቀምጦ አግኝቶት ነው።

ስትገዙ እነዚህን ፈትሹ። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩ፤ ቀጥ ያለ ይሁን። እያንዳንዱን ጥንድ በባዶው ምቱ፤ ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱ፤ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መሰማት አለበት። ክሩ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ በጣም ከራቀ ጣት ያቆስላል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር አካባቢ ይበቃል። መቃኛ ቁልፎቹን አዙሩ፤ የሚንሸራተት ቁልፍ ያለው ማንዶሊን መዝሙሩ ሳያልቅ ቅኝቱን ይጥላል።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ስህተት ነው። ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ለዓይኔ ያማረኝን ገዛሁ። ሳልመታው ነበር የከፈልኩት። አገሬ ገብቼ ስቃኘው ላይኛው ክር ሲስተካከል ታችኛው ይጠፋል። ለወራት ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ልተወው ደርሼ ነበር። ጉዳቱ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ «እኔ አልችልም» የሚለው ሐሳብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነገር ቢኖር ከመግዛት በፊት መጠገን እንደሚቀድም ነው። በብዙ ማንዶሊኖች ድልድዩ በማጣበቂያ የተያዘ አይደለም፤ የሚይዘው የክሩ ጉልበት ነው። ስለዚህ ስምንቱን ክር በአንድ ጊዜ አትፍቱ፤ አንድ በአንድ ቀይሩ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ድምፁ ከፍ ብሎ ከወጣ፣ ክሩን ላላ አድርጋችሁ ድልድዩን በጥቂቱ ወደ ጭራው ግፉ፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ። የወጣቱን ማንዶሊን እንዲሁ አደረግንለት። አዲስ ክር ገባ፤ ድልድዩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከችግሩ ግማሹ በዚያው ምሽት ጠፋ። ሌላው ግማሽ፣ ያ የቆርቆሮ ድምፅ፣ ቀረ፤ እሱ የኮምፔንሳቶው ነውና።

ወጥ እንጨት የሚገዛ ደግሞ አያያዙን ይወቅ። በክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ በበጋ ይደርቃል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ምድጃ አጠገብ አትስቀሉት፤ ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ስትጨርሱ ወደ ሳጥኑ መልሱት።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለአገልጋዮች። ልጁ ጥሩውን ማንዶሊን ቢያመጣስ በእኛ ጉባኤ ይሰማል? ኪቦርዱ የራሱን ከበሮና ባስ እየመታ ሁሉን ሲሸፍን፣ ሎይድ ሎር የፈረመበት መሣሪያም አይሰማም። ወጣቶቹ የሚያብረቀርቀውን የሚመኙት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ድምፃቸው ስለማይሰማ ቢያንስ እንዲታዩ ይፈልጋሉ። በአንድ መዝሙር ላይ እንኳ ኪቦርዱን ዝም ብናሰኘው ከመሣሪያ ስጦታ ይበልጣል።

የሳኦል አገልጋዮች ሰው ሲፈልጉ መምታት የሚያውቅ ነበር የፈለጉት፤ የዳዊት በገና ከምን እንጨት እንደተሠራ መጽሐፍ አልነገረንም። ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰውም መጀመሪያ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ጌታ በሉቃስ 14 አስተምሯል። ሁለቱን አብራችሁ ያዙ፦ እጃችሁ ይማር፤ ኪሳችሁም ይቆጠር።

ወጣቱ የፎቶውን ማንዶሊን አልገዛም። ለትምህርቱ የሚሆነውን ለይቶ አስቀመጠ፤ የቀረው ለጊዜው አልበቃም። ባለፈው እሑድ በአጎቱ ማንዶሊን አንድ የቆየ መዝሙር መታ፤ ኪቦርዱ ዝም ብሎ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ሲጨርስ «ዛሬ የምን ክራር ነው ያመጣችሁት?» ብለው ጠየቁ። ማንዶሊኑ ያው የድሮው ነበር።